ክንፉ የልጁ፣ ዕዳው የቤተሰቡ



በኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሐኪምና ከኢንጂነር ቀጥሎ የሚመጣው መልስ «ፓይለት» መሆኑ የታወቀ ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። አየር መንገዳችን በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ መንግሥታት ቢለዋወጡም ስሙ ያልወደቀ ተቋም ነው። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሲሆኑ የተሰማው ኩራት ዛሬም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሕልም ከእኛው ጋር ተሰዶ አሜሪካም ገብቷል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በዴንቨርና በዳላስ ስንቱ ወገናችን ነው ኤርፖርት ደጃፍ ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየጠበቀ፣ ሻንጣ እየጫነ ልጆቹን ያሳደገው? ሻንጣ ሲጭን የኖረ አባት ልጁ አውሮፕላኑን ሲያበር ለማየት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? እኛም አንፈርድም። ይሁን እንጂ ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት እንዳይሆንብን፣ ከነጩ ሸሚዝና ከወርቃማው መስመር ጀርባ ስላሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግልጽ ልንነጋገር ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ብድሩን የሚፈርመው፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው፣ በዓሉን ብቻውን የሚውለው ቤተሰብ ነውና።

ከሥልጠና እስከ መጀመሪያው ደሞዝ

በአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን ከጦር ሠራዊት ላልመጣ ሰው መንገዱ በአብዛኛው በራስ ወጪ የሚሄዱበት ነው። በግል የበረራ ትምህርት ቤት ከዜሮ ተነስቶ የንግድ በረራና የበረራ አስተማሪነት ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ወጪው ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከብድር ነው። የሃያ ዓመት ወጣት ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ ብቻውን ፈርሞ ለማግኘት ስለሚከብደው ብዙውን ጊዜ አባት ወይም እናት አብረው ይፈርማሉ። ልጁ ገና መሪውን ሳይጨብጥ የቤቱ ስም ዕዳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም የአየር መንገዱ በር ወዲያው አይከፈትም። ሕጉ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ከጦር ሠራዊት ለመጣ አብራሪ 750፣ እውቅና ካለው ኮሌጅ በአቪዬሽን የአራት ዓመት ዲግሪ ለያዘ 1,000፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ላለው ደግሞ 1,250 ይበቃል። ወጣቱ ይህን ሰዓት ለመሙላት አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላን ሌሎች ተማሪዎችን እያስተማረ ይቆያል። ሰማዩ ከከፋ በረራ የለም፤ በረራ ከሌለ ክፍያ የለም። ብድሩ ግን ዝናብ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ሪጅናል» በሚባሉት፣ የትልልቆቹን አየር መንገዶች ቀለም ተቀብተው አጫጭር መስመሮችን በሚሠሩት ኩባንያዎች ውስጥ የረዳት አብራሪነት ወንበር የሚገኘው። አብዛኛው ወጣት በዚህ ጊዜ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ይሆናል። በእኛ ልማድ ይህ ዕድሜ ቤተ ዘመዱ «መቼ ነው የምንድርህ?» ማለት የሚጀምርበት ነው። ሙያው በጣም የሚከብድበትና ትዳር የሚመሠረትበት ጊዜ በአንድ ላይ ይገጥማሉ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉን የሚወስነው የተራ ቁጥር

በአሜሪካ አየር መንገዶች ውስጥ የአንድ አብራሪ ኑሮ የሚወሰነው በአገልግሎት ቅደም ተከተል፣ እነሱ «ሲኒየሪቲ» በሚሉት ነው። የተቀጠሩበት ቀን የተራ ቁጥር ይሰጥዎታል። የትኛው ከተማ ላይ እንደሚመደቡ፣ የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበሩ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያርፉ፣ ዓመታዊ ፈቃድዎን በየትኛው ወር እንደሚወስዱ፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆኑ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ጎበዝም ሁኑ ሰነፍ፣ ሦስት ልጅ ይኑራችሁ ወይም ወንደላጤ ሁኑ፣ ቁጥሩ አይጠይቅም። አንድ አብራሪ ከአንዱ ኩባንያ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድም ለአሥር ዓመት ካፒቴን የነበረ ቢሆን እንኳ ከመጨረሻው ረድፍ ይጀምራል።

ሥርዓቱ ጥቅም የለውም አንልም። አለቃ ለዘመዱና ለወዳጁ እንዳያዳላ ይከለክላል። የወንዝ ልጅነትና የድርጅት አባልነት የሥራ ዕድል ሲወስን ላየን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በዝርዝሩ ግርጌ ላለው ጀማሪ ሥርዓቱ የሚያተርፍለት ሌሎቹ መርጠው የተዉትን ነው። የተመደበበት ከተማ፣ እነሱ «ቤዝ» የሚሉት፣ ቤተሰቡ ካለበት ርቆ ይሆናል። ፕሮግራም የለውምና «ተጠባባቂ» ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ በውሉ በተወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ ኤርፖርት መድረስ ይኖርበታል። ከቤዙ ርቆ የሚኖር ተጠባባቂ ያን ጊዜ የሚያሳልፈው ከብዙ አብራሪዎች ጋር በጋራ በተከራየው፣ «ክራሽ ፓድ» በሚባል አልጋ በተደረደረበት ቤት ውስጥ ነው። አገር ለአገር ተሰዶ አንድ ክፍል ለስድስት የተከራየ ወገናችን ይህን ኑሮ ሳይነገረው ያውቀዋል።

እስኪ በምሳሌ እናስላው። አንዲት ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖር ነርስ ባለቤቷ ቺካጎ የተመደበ ረዳት አብራሪ ነው እንበል። ፕሮግራሙ የአራት ቀን ጉዞ ነው። ሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ቺካጎ ሪፖርት ያደርግና ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ይጨርሳል። በመካከሉ የሚከፈለው የበረራ ጊዜ 20 ሰዓት ቢሆን፣ ከቤዙ ውጭ የቆየው ግን 82 ሰዓት ነው። በወር አራት ጊዜ ሲደጋገም ክፍያው የ80 ሰዓት፣ ከቤት መራቁ የ328 ሰዓት ይሆናል። ይህ የቺካጎው ብቻ ነው። ሰኞ ረፋድ በሰዓቱ ለመድረስ እሑድ ማታ ከቤት መውጣት፣ ሐሙስ ማታ የመጨረሻው አውሮፕላን ካመለጠ ደግሞ ዓርብ ጠዋት መመለስ አለ። ጉዞው ክፍት ወንበር ከተገኘ በነፃ ነው፤ ወንበሩ ከሞላ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ይህ የቤትና የቤዝ መመላለስ እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም፤ አይከፈልበትምም። ዘመድ ግን «በወር ሰማንያ ሰዓት ብቻ? ምን ያለ ደስ የሚል ሥራ ነው!» ይላል።

ስለ በዓላት ካነሳን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በዲሴምበር 25 እና በታንክስጊቪንግ ዕረፍት የሚያገኙት ባለ ረጅም አገልግሎቶቹ ናቸው። ጃንዋሪ 7 የሚውለውን የእኛን ገና፣ ሴፕቴምበር 11 የሚውለውን እንቁጣጣሽ ግን የሚሻማ ብዙ ሰው የለም። ብልህ የሆነ ጀማሪ የፈረንጁን ገና ሠርቶ የራሱን ገና ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ዒድ ከእነሱ በዓላት ጋር ካልገጠመ በቀር ነገሩ እንዲሁ ነው። ከግርጌ ሆኖም ትንሽ መተንፈሻ ይገኛል ማለት ነው።

ሁለት አውሮፕላኖች፣ አንድ ክረምት

የዚህን ኑሮ ገበና አደባባይ ያወጣው የ2009 ክረምት ነበር። በጃንዋሪ 15 ቀን ካፒቴን ሱለንበርገር ሞተሮቹ በወፍ ተመትተው የጠፉበትን አውሮፕላን ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ዓለም አጨበጨበ። ካፒቴኑ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ ግን የተናገረው ስለ ጀግንነት አልነበረም። ደሞዙ 40 ከመቶ መቀነሱን፣ ጡረታው መነካቱን አስረድቶ፣ ልጆቹ የእሱን ፈለግ እንዲከተሉ የሚፈልግ አንድም የአየር መንገድ አብራሪ እንደማያውቅ ተናገረ። ልጁን ፓይለት ለማድረግ ብድር ለሚፈርም አባት ይህ ቃል ሊያስደነግጠው ይገባል።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል፣ በፌብሩዋሪ 12 ሌሊት፣ የኮልገን ኤር በረራ ቁጥር 3407 ከኒውዋርክ ተነስቶ ቡፋሎ አጠገብ ተከሰከሰ። ውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ቤዟ ኒውዋርክ ሆኖ የምትኖረው ግን በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ሲያትል አካባቢ ከወላጆቿ ዘንድ ነበር። ሥራ ለመግባት በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ሌሊቱን ሙሉ በሜምፊስ በኩል ተጉዛ ነበር የደረሰችው። ካፒቴኑም የሚመላለሰው ከፍሎሪዳ ነበር። ደሞዟ በሕዝብ ፊት ሲነሳ ከ16 ሺህ እስከ 24 ሺህ ዶላር ድረስ በተለያየ መንገድ ተሰላ። በየትኛውም ስሌት ኒውዮርክ አካባቢ ቤት ተከራይቶ ትዳር የሚያስይዝ አልነበረም።

መርማሪው ቦርድ በ2010 ባወጣው ሪፖርት የአደጋው መንስኤ አውሮፕላኑ ፍጥነቱ መውደቁን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ሲሠራ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አለ። ድካምን በተመለከተም የሁለቱን አብራሪዎች ብቃት ሳይቀንሰው እንዳልቀረ፣ ነገር ግን ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ገለጸ። እኛም ከዚህ አልፈን አንፈርድም። የምንለው አንድ ነገር ነው። ወጣቷ የሥራዋን ከተማ ኪራይ መክፈል ስላልቻለች አገር አቋርጣ ስትመላለስ፣ ይህን ማንም እንደ ደኅንነት ጉዳይ አልቆጠረውም ነበር። «የግል ጉዳይ» ይባል ነበር። የግል ጉዳይ የተባለው ግን ሃምሳ ቤት ሐዘን በገባበት አደጋ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ።

ቀጥሎ የሆነውን በተለይ እኛ ልናስተውለው ይገባል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለቅሶአቸውን ጨርሰው ቤታቸው አልገቡም። ፎቶ ይዘው ዋሽንግተን ተመላለሱ። የምክር ቤት አባላትን ቢሮ እያንኳኩ፣ ስብሰባ እየገቡ፣ ተስፋ ሲሰጧቸው ቀኑን እየቆጠሩ ጠየቁ። በኦገስት 2010 ሕጉ ወጣ። ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ተደነገገ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ከሥራ በፊት አሥር ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም ያልተቆራረጠ የስምንት ሰዓት የመኝታ ዕድል እንዲኖረው ሆነ። ቀድሞ ዕረፍቱ እስከ ስምንት ሰዓት ሊያንስ ይችል ነበር፤ ከኤርፖርት ሆቴል መመላለሻውም ከዚያው ላይ ይቀነስ ነበር። የዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አብራሪዎች ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ቀርተዋል።

አሥር ሰዓት ዕረፍት በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለአብራሪ ሚስት ወይም ባል ግን ትልቅ ነው። ባልዋ ሌሊት ስልክ ሲደውል ድምፁ የሚሰማው ነቅቶ ይሁን እየተንገዳገደ፣ ልዩነቱን የምታውቀው እሷ ናት።

ደሞዝ ሲሻሻል፣ ውል ሲፈረም

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሁኔታው ተለውጧል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ብዙ አንጋፋ አብራሪዎች በጊዜ ጡረታ ወጡ። በረራው ተመልሶ ሲደራ አብራሪ ጠፋ። በ2022 ኤንቮይና ፒድሞንት የተባሉት ሪጅናሎች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ። በወር 75 ሰዓት ብንቆጥር በዓመት 81 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከ2009 ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሆኖም ይህ የገበያ ስጦታ ነው። ገበያ የሰጠውን ገበያ ይወስደዋል። በ2024 ትልልቆቹ አየር መንገዶች ቅጥር ሲቀንሱ ከበረራ ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች ወረፋ ረዘመ። ዕዳው ግን ወረፋ አይጠብቅም።

ገበያ የማይወስደው በውልና በሕግ የተጻፈው ነው። ውል ደግሞ በልመና አይገኝም። በ2001 የኮምኤር አብራሪዎች ስለ ደሞዝና ስለ ዕረፍት ለ89 ቀናት ሥራ አቁመው ኩባንያውን ከመሬት አውለውታል። በአሜሪካ የአየር መንገድ ሠራተኛ አድማ ከመምታቱ በፊት ረጅም የሽምግልና ሂደት ማለፍ ግዴታው ነው፤ ቢሆንም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የሚሠራው እዚህ ነው። አንድ ጀማሪ ብቻውን ሄዶ «ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ቤዝ ቀይሩልኝ» ቢል ሰሚ የለውም። በማኅበር ሆኖ የሚጠየቀው ግን አንቀጽ ይሆናል።

እናት የሆነች አብራሪ

ሴት አብራሪዎች በዓለም ላይ ከመቶ አምስት ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ለምን አነሰ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱን ከሴቶች ችሎታ ላይ ሳይሆን ከሥራ ደንቡ ላይ ቢፈልግ ይሻላል። እኛ ችሎታውን በዓይናችን አይተናል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። በኖቬምበር 2015 ደግሞ አየር መንገዱ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ አድርጓል።

የአሜሪካን ሕግ ስናይ የሚገርም ታሪክ እናገኛለን። በ1993 የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ለወላድና ለታማሚ ቤተሰብ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። መብቱን ለማግኘት ግን በዓመት 1,250 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። የአየር መንገድ አብራሪ በሕግ በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድለትም። የሚቆጠረው የበረራ ሰዓቱ ብቻ ከሆነ መቼ ነው 1,250 የሚሞላው? ለ16 ዓመት ብዙ አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች በዚህ ስሌት ከመብቱ ውጭ ቀሩ። በዲሴምበር 2009 ሕጉ ተስተካክሎ 504 ሰዓት የሠራና ከወር መነሻው 60 ከመቶውን የፈጸመ እንዲያገኘው ሆነ። በ2022 የሚያጠቡ እናቶችን በሥራ ቦታ የሚረዳ ሌላ ሕግ ሲወጣ ግን የአየር መንገድ የበረራ ሠራተኞች ዳግመኛ ከሽፋኑ ውጭ ተደረጉ።

በዚህ ረገድ አገራችን ትሻላለች ብንል ብዙ አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2019 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደሞዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትም ሦስት ቀን ይፈቅዳል። ሦስት ቀን ትንሽ ነው። ግን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለአየር መንገድ አብራሪ አባት በክፍያ የሚሰጠው አንድም ቀን የለም።

አገር ቤትና ዓረብ አገርስ?

በአገር ቤት መንገዱ ይለያል። አየር መንገዱ ወጣቶችን ተቀብሎ በራሱ አካዳሚ ያሠለጥናል፤ ሠልጣኙም በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ለማገልገል ይፈርማል። ዕዳው በዶላር ፈንታ በዓመታት ይከፈላል ማለት ነው። መልካም ጎኑ ብዙ ነው። ቤዙ አዲስ አበባ ስለሆነ አገር አቋርጦ መመላለስ የለም። አያትና አክስት አጠገብ ናቸው፤ ልጅ የሚይዝ አይጠፋም። መጥፎ ጎኑ ድምፅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የአየር ትራንስፖርትን አድማ ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች መካከል መድቦታል። በኦገስት 2018 አድማ ከመቱት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች መካከል ዘጠኙ ለእስር መዳረጋቸውን እናስታውሳለን። ይህን ያየ ወጣት አብራሪ «ደክሞኛል» ለማለት ስንት ጊዜ ያስባል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ትልልቅ አየር መንገዶች ደግሞ ለአብራሪ ቤት ወይም የቤት አበልና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ መስጠታቸው የታወቀ ነው። ለጀማሪ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የመላው ቤተሰብ የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ይንጠለጠላል። በ2020 አብራሪዎች ሲቀነሱ ከደሞዙ ጋር ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፈቃዱም አብሮ ሄደ። ዓረብ አገር ያሉ አንባቢዎቻችን ስለዚህ ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

በማርች 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 ሲከሰከስ 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴኑ 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ረዳቱ 25 ዓመቱ ሲሆን 361 ሰዓት ነበረው። ሁለቱም ስለእነርሱ እዚህ በምንጽፍበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ገና ሐዘኑ ሳይወጣ በዋሽንግተን ምክር ቤት ሳይቀር ጣት ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠናና የሰዓት ማነስ ተቀሰረ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደታች የገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት መሆኑ ግን ተረጋገጠ። የልጅን ሬሳ በአግባቡ ያላገኘ ወላጅ የልጁን ስም ደግሞ ለመከላከል ተገደደ። በዚህም ጊዜ ሕግ እንዲወጣ የገፉት ሐዘንተኛ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በዲሴምበር 2020 የአውሮፕላን ብቃት ማረጋገጫ አሠራርን የሚያሻሽል ሕግ አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ።

ከቡፋሎ እስከ ቢሾፍቱ የምናየው አንድ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የቤተሰብ ድምፅ የሚሰማው ከሐዘን በኋላ ነው። ከሐዘን በፊት ሊሰማ አይችልም ያለው ማን ነው?

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ብድር ከመፈረሙ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይቁጠር። ጠቅላላ ዕዳው ስንት ነው? የወር ክፍያው መቼ ይጀምራል? ልጁ ቢታመምና የጤና ፈቃዱን ቢያጣ ማን ይከፍላል? ከ40 ዓመት በታች ያለ አብራሪ በየዓመቱ የሕክምና ምርመራ ማለፍ አለበት፤ አንድ ምርመራ የአሥር ዓመት ድካምን ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቅጥር ሲመጣ ከደሞዙ አስቀድሞ ቤዙ ይጠየቅ። ጀማሪ በተጠባባቂነት ስንት ጊዜ ይቆያል? ቀድሞ ቢለቅ የሚመልሰው የሥልጠና ገንዘብ አለ? የሚቻል ከሆነ ቤተሰቡ ቤዙ ወዳለበት ከተማ ይዛወር። ዘመድ ያለበትን ከተማ መልቀቅ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ሰው በወር ተጨማሪ ሰባትና ስምንት ሌሊት ቤቱ ማደሩ ግን ትዳርን ያድናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጭንቀት ዝም አንበል። ብዙ አብራሪ «ከተናገርኩ ፈቃዴን አጣለሁ» ብሎ ሐዘኑንም የእንቅልፍ ማጣቱንም ይደብቃል። የእኛ ባህል ደግሞ ገበናን በጓዳ ያስቀምጣል። ሁለት ዝምታ ሲደራረብ አደገኛ ነው። በኤፕሪል 2024 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ያቋቋመው ኮሚቴ ይህን ዝምታ የሚያበረታታው አሠራር እንዲሻሻል ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። ለውጡ እስኪሟላ ድረስ ግን የትዳር ጓደኛ የመጀመሪያው አዳማጭ ነው።

አራተኛ፣ ዕድራችንና ማኅበራችን ለቀብር ብቻ አይሁን። ባልዋ በአራት ቀን ጉዞ ላይ ያለ፣ እሷ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ያላት እናት ልጅ የሚያድርላት ጎረቤት ብታገኝ ለሠርጓ ከምናዋጣው ስጦታ ይበልጣል። ዳቦና ቡና ይዞ ለቅሶ ቤት መድረስ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

አምስተኛውና ዋናው፣ ይህ ፖለቲካ ነው። የዕረፍት ሰዓት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የመደራጀት መብት በምርጫና በምክር ቤት የሚወሰኑ ናቸው። በምንኖርበት አገር ድምፅ ያለን እንጠቀምበት። ለአገራችን ስንጮህም ከምንጠይቃቸው መብቶች መካከል የአብራሪው፣ የቴክኒሻኑና የተቆጣጣሪው ሳይፈሩ «ደክሞኛል፣ ዛሬ አልበርም» የማለት መብት ይኑርበት። በአየር መንገዳችን የምንኮራ ከሆነ ክንፉን በተሸከሙት ወጣቶችና እቤት ሆነው በሚጠብቋቸውም ልንኮራ ይገባል። ኩራት ደግሞ በጭብጨባ ብቻ አይገለጽም፤ በሕግና በውልም ይጻፋል።

ቸር ይግጠመን!